ጥልፍ

ገመዳ በር ላይ ቆሟል፤ አይገባ ነገር፣ አይወጣ፤
ጉልበቱ ይርበደበዳል፤ ተረከዙ ግን ከመሬት አልመጣ።
ደፏ ጣት አትሞላም፤ ድመታችን ሳታያት ታልፋለች፤
ለእሱ ግን የሐምሌ አዋሽ ናት፤ ድልድይዋን በልታለች።

«ና» እለዋለሁ። «መጣሁ» ይላል። እዚያው ነው።
«ማነው የያዘህ?» ስለው፣
«ማንም» ይለኛል፤ «መሬቱ ነው።»

ይህ ሰው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሐዲድ በእግሩ የለካ፣
ከአዳማ ወለንጪቲ ብሎን በመዶሻ እያንኳኳ፣
የላላውን ከጠበቀው በድምፁ ብቻ የሚለይ፣
ዛሬ ሽንት ቤት ለመሄድ እኔን፣ እኔን የሚያይ።

«እርጅና ነው» አሉ ጎረቤት፤ «መተት ነው» አለች እህቱ፤
ሐኪሙ «ፓርኪንሰን» ብሎ ጫረው፣ ከካርዱ ላይ፣ ከፊቱ።
አካሄድ የምታስተምር፣ ሲፈን የምትባል ልጅ፣ ጥርሷ ላይ ሽቦ ያሰረች፣
«እማማ፣ ወለሉ ላይ መስመር ያስምሩለት፣ አግድም አግድም» አለች።
«የውስጡ አዛዥ ደክሟል፤ ዓይኑን ግን ገና አልደከመውም፤
እግሩ ከመሬት ያነባል፣ ከላይ ትእዛዝ ባይደርሰውም።»
«ይድናል?» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።
ወደድኳት፤ አልዋሸችኝ።

እኔ ጥልፍ ሠሪ ነኝ፣ ፍራንኮ፣ ከዳቦ ቤቱ ማዶ፤
ጨርቅ የማሰምርባት ስባሪ ሳሙና አለችኝ፣ ሳስታ ሳስታ ሆዷ ባዶ፤
ተንበርክኬ ሲሚንቶውን እንደ ሙሽራ ቀሚስ አሰመርኩ፤
ከአልጋ እስከ በር ስምንት፣ ከበር እስከ ጓዳ አሥራ አንድ፤ ቆጠርኩ።

ከላይ ቆሞ አየና፣ «ተሳስተሻል» አለ።
«ምኑ?»
«ክፍተቱ። ሐዲድ እንዲህ ቢነጠፍ፣ ባቡሩ መተሐራ ሳይደርስ በተንከባለለ።»
በስንት ወሩ ቀለደ!
አስለካኝ፤ አጠፋሁ፤ ደግሜ አሰመርኩ፤ እና ሄደ።

«ሄደ» ስል ቀላል ይመስላል።
አንዱን መስመር እንደ ባለዕዳው ትክ ብሎ ያየዋል፤
ጉልበቱን ያነሣል፤ ይሻገራል፤ ሌላውን ይፈልጋል፤
ደፏም እንደ አንዷ መስመር ናት፤ ሳያውቃት ያልፋታል።

የጎረቤት ልጆች መጥተው ሰኞ ማክሰኞ ዘለሉበት፤
እሱ ወንበር ላይ ዳኛ ሆኖ፣ «ረገጥክ፣ ውጣ!» ሲል ዋለበት።
ማታ ወለል ስወለውል መንገዱ አብሮ ይጠፋል፤
ጧት መልሼ አሰምራለሁ፤ ወገቤም ይታጠፋል።

ውጭው ግን ሌላ ነው። አዳማ፣ ነፋስሽ መስመር አይወድ፤
አቧራሽ ይቀባባል፣ አንድ ያደርጋል ደረጃውን ከመንገድ።
ቅዳሜ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት፣ ዜብራውን ጀመርን፤
ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ እሰይ! እጅ ለእጅ ሳንያያዝ ተራመድን።
መሀል ላይ ግን ቀለሙን ጎማ በልቶታል፤
ነጩ አለቀ፤ ገመዳም አለቀ፤ ተተክሏል።

ባጃጅ ይጮኻል፤ ረዳት ይሳደባል፤ ሚኒባስ አፍንጫዋን ትገፋለች፤
«ግፊው እንጂ!» ትለኛለች አንዷ፤ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ቆማ ታዛለች።
እንዴት ይገፋል? የተገፋ ይወድቃል።
እግሬን ከእግሩ ፊት አጋደምኩ። ዓይኑ ጫማዬን ያውቃል።
«ኧረ ጠለፈችው! ሽማግሌውን ጠለፈችው!»
ጮኸች ባለጃንጥላዋ። እሱ ግን እግሬን አየው፣
አነሣ፣
ተሻገረው።

ጠለፍኩት፣ አዎ። እሱ እኔን፣ ያኔ፣ ሊጠልፈኝ ሲችል፣
ሽማግሌ ልኮ ነው የወሰደኝ፣ ሦስቴ ደጅ ጠንቶ፣ ሳይቸኩል።
«ቀጥይ» አለኝ፣ ላብ በላብ ሆኖ፤ «አምጪው ሌላውን።»
ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ አንዱን እግር፣ ደግሞ አንዱን፣
እስከ ማዶው ጠርዝ ድረስ
ጠለፍኩት አስፋልቱን።

ባለጃንጥላዋ እስካሁን ትሳደባለች።
ሳሙና ልግዛ፤ ያቺማ አልቃለች።